የሺልደን ከሰል ጎታቾች፦ ከ‹ሮያል ጆርጅ› እስከ ‹ደርወንት› የደረስኩበት

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን ታሪክ መማር የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ስቲቨንሰኖቹ ከሠሩት ዝነኛ ሎኮሞቲቭ ከ‹ሮኬት› ጋር ነው። እኔም ብዙ ጊዜዬን የሰጠሁት እርሱን ለመሳል ነበር። ሰሞኑን ግን ፊቴን ወደ ጭነት ጎታቾቹ አዙሬያለሁ፤ በተለይም በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር ላይ ድንጋይ ከሰል ያመላልሱ ወደነበሩት የቲሞቲ ሃክዎርዝ ባለ ስድስት መንኮራኩር ሎኮሞቲቮች። መልከ መልካም አይደሉም። ምድጃና ጭስ ማውጫቸው በአንድ ጫፍ ተጣብቀዋል፤ እንፋሎት ፒስተን የሚገፋባቸው ሲሊንደሮቻቸው በሌላው ጫፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከፊትም ከኋላም ጋሪ ተቀጥሎላቸዋል። ‹ይህ ሁሉ ለምን?› የሚለው ጥያቄ ነው የዚህ ዙር ሥራዬ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መስመሩ የተከፈተው ሴፕቴምበር 27 ቀን 1825 ነው። ሎኮሞቲቮቹ የሚጎትቱት በመስመሩ ላይ ካለችው ከሺልደን ከተማ ወደ ምሥራቅ ባለው ክፍል ብቻ ነበር፤ ከሺልደን በስተ ምዕራብ ያሉትን ዳገቶች ፉርጎዎቹ የሚሻገሩት በቦታቸው ተተክለው በገመድ በሚጎትቱ የእንፋሎት ሞተሮች ነው። የመጀመሪያዎቹ የጆርጅ ስቲቨንሰን ሎኮሞቲቮች እንፋሎት ያጥራቸው፣ ቶሎ ቶሎም ይበላሹ ስለነበር የኩባንያው ዳይሬክተሮች ወደ ፈረስ መመለስን ማሰብ ጀመሩ። የጥገናው ኃላፊ ሃክዎርዝ ነበር፤ በዋይላም የተወለደ፣ በዚያው በከሰል ማዕድኑ አንጥረኛ ሆኖ የዊልያም ሄድሊ ሎኮሞቲቮች ሲሠሩ እጁን ያፍታታ ሰው። ‹በራሴ መንገድ አንድ ልሥራላችሁ› ብሎ ዳይሬክተሮቹን እንዳሳመነ ይተረካል። ሥራውን የጀመረው ደግሞ ከአዲስ ብረት አይደለም፤ ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒውካስል ሠሪ ያቀረበውንና ያልተሳካለትን ባለ አራት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ ቦይለር (ውሃው የሚፈላበትን የብረት በርሜል) ወስዶ ነው። በ1827 ከዚያ ውስጥ ‹ሮያል ጆርጅ› ወጣ።

መጀመሪያ ቦይለሩን ሣልኩ፤ ሌላው ሁሉ የሚፈታው ከእርሱ ነው። በስቲቨንሰን ‹ሎኮሞሽን› ውስጥ እሳቱ በአንድ ቀጥ ያለ ሰፊ ቱቦ አልፎ በሌላው ጫፍ ባለው ጭስ ማውጫ ይወጣል። ብዙው ሙቀት ውሃውን ሳያፈላ ሰማይ ይደርሳል ማለት ነው። ሃክዎርዝ ቱቦውን ጫፍ ላይ አጥፎ ወደ መጣበት መለሰው፤ ‹ሀ› ፊደልን በጎኑ ብታጋድሙት ቅርጹን ታገኙታላችሁ። በዚህ መንገድ እሳቱ አራት ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ቦይለር ሁለት ጊዜ ያቋርጣል። ዋጋው ግን ምድጃውና ጭስ ማውጫው በአንድ ጫፍ መዋላቸው ነው። እንግዲያውስ ሲሊንደሮቹ በሌላው ጫፍ መቆም አለባቸው፤ ነጂውም ከእነርሱ ዘንድ። ስለዚህ እሳት አንዳጁ ከከሰል ጋሪው ጋር በጭስ ማውጫው በኩል፣ ነጂው ከውሃ ጋሪው ጋር በሌላው በኩል ሆነው ይጓዛሉ። በመካከላቸው የሚፈላ ቦይለር አለ። በዚያ ጩኸት ውስጥ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎችን ሳስብ ሳልወድ እስቃለሁ።

ስድስቱም መንኮራኩሮች፣ ዲያሜትራቸው 1.2 ሜትር ገደማ፣ በዘንግ ተያይዘው አብረው ይዞራሉ። ምክንያቱ ሐዲዱ ነው። የዚያን ጊዜው ሐዲድ ቀጭን ነበር፤ ከቤድሊንግተን ፋብሪካ የመጣው የተጠቀለለ ብረት በያርድ 28 ፓውንድ (በሜትር 14 ኪሎ ግራም ገደማ) ብቻ ይመዝን ነበር። ክብደቱን ለስድስት ማካፈል ሐዲዱን ያድናል፤ በሁሉም መንኮራኩር መግፋት ደግሞ ከባድ ባቡር ሲነሣ መንሸራተትን ይቀንሳል።

በሲሊንደሮቹ ውስጥ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው መካከል ወደ ላይ እንዲተፋና እሳቱን እንዲስብ መደረጉ የታወቀ ነው። የዚህ ፈጠራ ባለቤት ማን ነው በሚለው ላይ የስቲቨንሰን፣ የሃክዎርዝና የቀደምቱ የሎኮሞቲቭ ሠሪ የትሬቪቲክ ወዳጆች እስከ ዛሬ ይጣላሉ። አልገባበትም።

ይልቅ ያስደሰተኝ ሒሳቡ ነው። ‹ሮያል ጆርጅ› በ1828 ከ22 ሺህ ቶን በላይ ጭነት በ20 ማይል ርቀት እንዳጓጓዘ፣ ጥገናው ሁሉ ተጨምሮ ወጪው 466 ፓውንድ እንደሆነ፣ ያንኑ ሥራ ፈረሶች ቢሠሩት 998 ፓውንድ ይፈጅ እንደነበር ተመዝግቧል። አንድ ፓውንድ 960 ፋርዲንግ ነበር። አባዝታችሁ ብታካፍሉት ለአንድ ቶን በአንድ ማይል የሚወጣው አንድ ፋርዲንግ ገደማ፣ ማለትም የፔኒ ሩብ ነው። ዳይሬክተሮቹን ዝም ያሰኘው ፍጥነት ሳይሆን ይህ ቁጥር ይመስለኛል።

ፈረሶቹ ግን ወዲያው አልጠፉም፤ እስከ 1830ዎቹ ከሎኮሞቲቮቹ ጋር በአንድ መስመር ሠርተዋል። ከ1828 ጀምሮ ፈረስ ከሚጎትታቸው ፉርጎዎች ኋላ ለፈረሱ ልዩ ጋሪ ይቀጠልለት ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ፈረሱ ይሳፈርና ድርቆሹን እየበላ ይወርዳል።

በጣም የፈተነኝ ክፍል ሞላው ነው። በ‹ሮያል ጆርጅ› ላይ ሲሊንደሮቹ ቀጥ ብለው የቆሙት ከአንደኛው አክስል (ሁለት መንኮራኩሮች ከተተከሉበት ዘንግ) በላይ ሲሆን፣ ፒስተኖቹ አክስሉን በቀጥታ ይገፋሉ። ለዚያ አክስል ሞላ ቢደረግለት በተነሣና በወደቀ ቁጥር የፒስተኑ ጉዞ ይዛባል። ስለዚህ ሞላ የሌለው ሆኖ ቀረ፤ ሐዲዱንም ቀጠቀጠ። ይህን በጽሑፍ ደጋግሜ ባነብም የገባኝ በካርቶንና በላስቲክ ሞዴል ሠርቼ አክስሉን በእጄ ከፍና ዝቅ ሳደርገው ነው። ከ1830 በኋላ የመጡት የ‹ማጀስቲክ› እና የ‹ዊልበርፎርስ› ዓይነቶች መፍትሔ አላቸው፦ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት መንኮራኩር የሌለውን፣ ከሎኮሞቲቩ አካል ጋር በቋሚነት የታሰረ ዘንግ ነው፤ ከዚያ በማያያዣ ዘንጎች ኃይሉ ወደ መንኮራኩሮቹ ይተላለፋል። አሁን ሁሉም አክስል ሞላ ማግኘት ይችላል። ቦይለሩም ተለወጠ፤ እሳቱ በአንድ ሰፊ ቱቦ ሄዶ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ይመለሳል። ከሁሉም ዓይነቶች የምወደው ይህን ነው።

በመጻሕፍት ውስጥ ሃክዎርዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በኦክቶበር 1829 ‹ሮኬት› ባሸነፈበት በሬይንሂል የሎኮሞቲቮች ውድድር የተሸነፈ ሰው ሆኖ ነው። የእርሱ ‹ሳን ፓሬይ› ከተፈቀደው በላይ ከባድ ነበር፤ ሲሊንደሩም ተሰነጠቀ። እውነት ነው፤ ለፈጣን የተሳፋሪ ባቡር የ‹ሮኬት› መንገድ ትክክል ነበር። ነገር ግን ያንኑ ‹ተሸናፊ› የሊቨርፑልና ማንቸስተር ኩባንያ ገዝቶታል፤ በቦልተንና ሊይ መስመርም እስከ 1844 ሠርቷል። ከሰል ለሚጎትት ዝግተኛ ባቡር የሬይንሂል መመዘኛ አይበቃም።

አሁን ‹ደርወንት› ላይ ነኝ። በ1845 በዳርሊንግተን በኪችንግ ፋብሪካ የተሠራና እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየ ሎኮሞቲቭ ነው፤ ሁለቱ ጋሪዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ሲሊንደሮቹ ግን ከመቆም ወደ ማዘንበል ተሸጋግረዋል። ባለ 1፡32 መጠን የካርቶን ሞዴሉን መሠረት ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የቫልቭ (እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ክፍት) ማንቀሳቀሻው ነው። የውሃ ጋሪውን በርሜል በጥሩ ሁኔታ የሚያሳይ የጎን ፎቶግራፍ ያላችሁ ብትልኩልኝ ሥራዬን ታፋጥኑልኛላችሁ።