ግቢ ስታሠሩ ከድንጋዩም ከአበባውም በፊት የውሃውን መውጫ አስቡ

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት ሠርታችሁ አሁን ግቢውን ልታሳምሩ ከሆነ፣ ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ቢነግሩኝ ኖሮ አንድ ክረምት ሙሉ ባልተንገበገብኩ።

የኛ ሰፈር አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፤ ለግንባታ ግን ጠላት ነው። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ላይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የተነጠፈበት ነገር ሁሉ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ድንጋዩ የሚጠላውን አፈር ግን ተክሉ ይወደዋል። የኔ ሐሳብ ይህን ጠብ ማስታረቅ ነበር። ከበሩ እስከ በረንዳው ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ አትክልት፣ መሃላቸው 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደጋፊ ግንብ።

ሥራው የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው፤ መሬቱ ሳይጨቀይ። ድንጋይ የሚነጠፍበትን ቦታ 60 ሳንቲ አስቆፈርኩ። ጥቁሩን አፈር አውጥተን በቀይ አሽ፣ ማለትም በቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞላነው። በየ20 ሳንቲው ውሃ እየረጨን ጠቀጠቅነው። ከላይ 5 ሳንቲ አሸዋ፣ ከዚያ ኮብልስቶን። ተዳፋቱ በሜትር 2 ሳንቲ፣ ከቤቱ ወደ በሩ። ዳርና ዳሩ በኮንክሪት ታሰረ። ፎርማኑ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ውሃ ልኩን ከእጁ አያወርድም።

የወጣውን ጥቁር አፈር ብዙ ሰው ለሲኖትራክ ከፍሎ ያስጥለዋል። እኔ አላስጣልኩም። የአካባቢው ገበሬ ዋልካ ላይ ሲዘራ መደብ ከፍ አድርጎ፣ መሃል መሃሉን ቦይ ያወጣል። ሥሩ ውሃ ውስጥ እንዳይተኛ ነው። እኔም እንደዚያው 40 ሳንቲ ከፍ ያሉ መደቦች አበጀሁ፤ አፈሩን ከኮምፖስትና ከትንሽ ቀይ አሽ ጋር አደባልቄ። በዚህ ሥራዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አሁን ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ።

ቀይ አሽ ውሃ ያሳልፋል። ስሩ ያለው ዋልካ ግን አያሳልፍም። በድንጋዩ መገጣጠሚያ የሰረገው ዝናብ ታች ሲደርስ ይቆማል። ማለትም ከኮብልስቶኑ ስር ትልቅ ገንዳ ቆፍራችኋል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከገንዳው ወለል ላይ ጎኑ የተበሳሳ ቱቦ ይቀበራል፤ ከዚያ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በበሩ ስር አልፎ ከመንገዱ ማዶ ካለው የጎርፍ ቦይ ጋር ይገናኛል። ቱቦውን ገዛሁ፣ እስከ በሩ ድረስ ቀበርኩ። የቀረው መንገዱን ማቋረጥ ብቻ ነበር። መንገዱ ደግሞ ኮብልስቶን ነው፤ ይነሳል፣ ይመለሳል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ለዚህች የግማሽ ቀን ሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ። አንዱ ቢሮ ከሌላው ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ የዚያኛው ይምጣ አለ። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ መስክ ወጥተዋል፣ ማኅተም የያዘችው ልጅ የለችም። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ባለሙያ ፋይሌን ገልጦ አየና፣

«ጋሼ፣ መንገድ ለምን ይቆርጣሉ? ግቢዎ ውስጥ ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፍሩ። አሠራራችን እንደዚያ ነው» አለኝ።

ዋልካ ውሃ እንደማያሰርግ ነገርኩት። ምሽት ላይ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ሞልቼበት፣ ጠዋት ውሃው እንዳለ መገኘቱንም ነገርኩት። ኑና እዩ አልኩ። ከወንበሩ አልተነሳም። ጽሑፍ ላይ «በግቢ ውስጥ እንዲሰርግ» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። ያ ፊርማ ዛሬም ያበሳጨኛል። እንጦጦ ሥር ቀይ አፈር ላይ የሚሠራን ምክር እዚህ እኛ ጋ፣ አቃቂ ሜዳ ላይ ማዘዝ ምን ይሉታል? አፈሩን ሳያዩ የሚሰጥ ምክር ከዝምታ ይከፋል።

ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ከግንቡ አጠገብ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፈረ። ሐምሌ ሳይጋመስ ጢም ብሎ ሞላ፤ ውሃውም ተመልሶ ድንጋዩ ስር ገባ። ዋልካው አበጠ። በበሩ በኩል ያለው ኮብልስቶን ተነፍቶ የብረት በሩ አልከፈት አለ። ደጋፊ ግንቡ ላይ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አስቀምጠን ነበር፤ ግን ግራ ቀኙ ውሃ ከሆነ ቀዳዳ ምን ያደርጋል? ግንቡ አዘነበለ። ከሁሉ የከበደኝ ግን የጎረቤታችን ነገር ነው። ትልቅ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «ልጄ፣ ውሃህ ጓዳዬ ገባኮ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤው የተፈረመልኝ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ ካበቃ! ቱቦው መንገዱን አቋርጦ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ እንዳልኩትም ግማሽ ቀን ፈጀ። የተነፋው ድንጋይ ተነስቶ መልሶ ተነጠፈ። ግንቡ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ፣ ከጀርባው 30 ሳንቲ ጠጠር ተሞልቶ። የሚቀጥለው ክረምት ምንም ሳያደርገው አለፈ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ፈቃዱን ከድንጋዩ በፊት ጨርሱ፤ ኅዳር ላይ ካልያዛችሁት ለክረምት አይደርስላችሁም። ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፍሩ ቢሏችሁ ከላይ የነገርኳችሁን የአንድ ሌሊት ሙከራ ሠርታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ግቢውን በሙሉ በሴራሚክ ወይም በኮንክሪት አትሸፍኑ። አሁን አሁን ፋሽኑ እሱ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ኮንክሪት ሲሰነጠቅ ይፈርሳል፤ ኮብልስቶን ይነሳና ይመለሳል። እኔን ከሁለተኛ ወጪ ግማሹን ያዳነኝ ይኸው ነው።

ሳር ከቤቱ ግድግዳ ጋር አታጣብቁ። በበጋ ስታጠጡት የመሠረቱን አፈር ታሳብጣላችሁ። እኔ 1 ሜትር ተኩል ጠጠር ብቻ ትቻለሁ። ባህር ዛፍ ቤት አጠገብ አይታሰብም፤ ውሃውን መጦ ዋልካውን ያሸበሽበዋል። ፊከስም ሥሩ ድንጋይ ያነሳል። ለጥላ ግራር ከዳር ተክያለሁ፤ ከፍ ባለው መደብ ላይ ወይራና ጽጌረዳ፣ ለመሬቱ ሰርዶ። ችግኝ የምተክለው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ ዝናቡ ራሱ ያሳድገዋል።

ጉድጓዱን አልደፈንኩትም። ውስጡን ወፍራም ሸራ አልብሼ፣ ልጆች እንዳይገቡበት የብረት ክዳን አሠራሁለትና የጣራውን አሸንዳ ወደ እሱ አዞርኩ። ሲሞላ ትርፉ በቱቦው ወደ ቦዩ ይወጣል። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ጽጌረዳዎቹን የማጠጣው ከዚያ እየቀዳሁ ነው።