ድንች በደብረ ብርሃን ጓሮ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ብርዷ ለድንች ይስማማል፤ ሆኖም በጓሮው ድንች የሚያለማ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ሲከርም ከሚመጣው ምች ከተባለ ቅጠል አጥፊ የድንች በሽታ፣ ጥቅምት ከገባ በኋላ ደግሞ ሌሊት ከሚጥለው ውርጭ መካከል ማለፍ አለበት። እኔ የምከተለው መንገድ ዘሩን ሰኔ ሲገባ መትከልና ውርጩ ሳይበረታ ድንቹን ከአፈር ማውጣት ነው።

ለዘር የምመርጠው የዶሮ እንቁላል የሚያህለውንና አጭር፣ ወፍራም ጉንቁል ያወጣውን ነው፤ በጨለማ ተቀምጦ ነጭና ረዥም ጉንቁል ያበቀለው ሲተከል ስለሚሰበር አልወደውም። ከዝርያ በ2009 እ.ኤ.አ. የተለቀቀውን፣ «በለጠ» የተባለውን እመርጣለሁ። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር መተው የተለመደ ምክር ነው፤ ጓሮ ጠባብ ነው ብሎ ማጠጋጋት ግን ቅጠሉ እርጥበት አዝሎ እንዲውል ስለሚያደርግ ምችን በገዛ እጅ መጥራት ይሆናል። ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ ማየት ይበጃል፤ በቡናማው ነጠብጣብ ዙሪያ ስስ ነጭ ሻጋታ ከታየ በሽታው ገብቷልና የተያዘውን ነቅሎ ከጓሮው ማራቅ ነው። አፈር ማልበሱም ቢሆን ለይስሙላ የሚሠራ አይደለም፤ ፀሐይ ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴ የሆነው ደግሞ መራራና ለጤና ጎጂ ነው።

ፍልሰታ ሲገባ ለአልጫ የሚሆን ድንች ያምራል። ያን ጊዜ ተክሉን ሳይነቅሉ ከሥሩ አፈሩን በጣት እየፈለፈሉ ጥቂት ማውጣት ይቻላል፤ ልጆች ከተላኩ ግን መደቡ ተገለባብጦ ያድራል።

ዋናው ምርት የሚወጣው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ነው። ከመውጣቱ አሥር ወይም አሥራ አምስት ቀን አስቀድሞ ግንዱን ከመሬት አፋፍ ማጨድ ልጣጩን ያጠነክረዋል፤ ጎረቤቶቼ ይህን እንደ ብክነት ያዩታል፣ እኔ ግን ድንች በጎተራ መሰንበቱ የሚወሰነው በዚያ ሁለት ሳምንት ነው ባይ ነኝ። መድረሱን ለማወቅ አንዱን አውጥቶ በአውራ ጣት ማሸት ይበቃል፤ ልጣጩ ተንሸራቶ ከተገፈፈ ገና ነው። ቁፋሮው አፈሩ ደረቅ በሆነበት ቀን፣ ዶማውን ከተክሉ ራቅ አድርጎ በማሳረፍ ይከናወናል። የተወጋው ለዕለቱ ድስት ይለያል፤ ደኅናው ሳይታጠብ አፈሩ ብቻ ይራገፍለትና አየር በሚገባው ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ለዘር የተለየው ግን ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው፣ ብርሃን ባለው መደርደሪያ ላይ በስሱ ይዘረጋል፤ እዚያ አረንጓዴ ቢሆንም ለመብል ስላልሆነ ችግር የለውም።