ቁልፉን ያስረከብኩበት ዓርብ

ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነው የመጡት። ሠርግ ቤት የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። "ጋሼ፣ ዛሬ ምን አለ?" አልኳቸው። "መኪናዬን ልወስድ ነዋ!" አሉኝ። ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል። ጋራዣችን አሥራ ሁለት ላይ ይዘጋል። የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሥራችን የመኪና ጉልበት መጨመር ነው። አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ ተርቦ እንገጥማለን፣ ፍሬን እናሳድጋለን፣ የሞተር ኮምፒውተር እናስተካክላለን። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። እሳቸው ግን ወደ ሰባዎቹ ተጠግተዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ ያውም ሒሳቡ በቆጣሪ ሳይሆን በቀጠና ይታሰብ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ። ቆጣሪው በፈረንጆቹ 2008 ሲገባ እሳቸው ነባር ሹፌር ነበሩ።

መኪናቸው ቀይ ማዝዳ ሚያታ ናት፣ የ1990 ሞዴል። ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ላይ ብቅ ይላሉ፣ ከእንቅልፏ የነቃች ይመስል። ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ነው። ይህች ሞዴል መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ሚያታ የሚለው ስም ከጥንታዊ ጀርመንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ "ሽልማት" ነው። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ዓመት ነው የገዟት። "ለራሴ የሰጠሁት ሽልማት ናት" ይላሉ። ቤታቸው ሸራ አልብሰው ያስቀምጧታል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻ ትወጣለች።

እኛ ጋ አምስት ሳምንት ቆየች። ከፋብሪካ ስትወጣ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 ፈረስ ነበር። ዳይኖ ላይ፣ ማለትም ጎማው በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ ጉልበት በሚለካበት ማሽን ላይ፣ ስትመጣ 97 ሰጠችን። ለዕድሜዋ ጥሩ ነው። ተርቦ ገጠምኩላት። የሚታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር ከፊት አሰርኩ። ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በትልልቅ ቀየርኩ። አዲስ ኮምፒውተር፣ አዲስ ፍሪሲዮን፣ አዲስ የፍሬን ዲስክና ሸራ። መጨረሻ ላይ ዳይኖው 171 ሲያሳይ ብቻዬን ሆኜ አጨበጨብኩ። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የወጣልኝ ሥራ ጥቂት ነው።

ርክክቡ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ በዝርዝር ልናገር፤ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው። ሞተሩን አስነሳሁላቸው። ኮፈኑን ከፍቼ ተርቦውን አሳየኋቸው። የዳይኖውን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ 171 የሚለውን ቁጥር በጣታቸው ነኩት። ደረሰኙ ከማተሚያው እየወጣ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ "ጋሼ፣ ቤንዚን 93 ብቻ ይቅዱ" አልኩ። ሞተሩ እየሠራ ነው። እሳቸው ጆሯቸው ያለው እዚያ ነው። "እሺ ልጄ፣ እሺ" አሉ። በደረሰኙ የመጨረሻ መስመር ላይም ተጽፏል። ፈረሙ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝና ሄዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

"አንተ ልጅ፣ መኪናዬ ጠጠር ዋጠች እንዴ?"

ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ላይ ናቸው። ከኪይ ብሪጅ አልፎ መንገዱ ዳገት የሚይዝበት ቦታ አለ፤ በስተቀኝ የፖቶማክ ወንዝ ቁልቁል ይታያል። እዚያ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡ ከሞተሩ ድምፅ ሰሙ። "ጠጠር ጣሳ ውስጥ ከትተህ ስትነቀንቀው እንዳለው" አሉኝ። ወዲያው እግራቸውን አነሱ። መኪና ማቆሚያው ጋ ወጥተው አጠፏት።

እጄ ቀዘቀዘ። ያንን ድምፅ ማንም የተርቦ መካኒክ ያውቀዋል።

"ጋሼ፣ ቤንዚን የት ቀዱ?"

"ሁልጊዜ ታክሲዋን የምቀዳበት።"

"ስንት ቁጥር?"

ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ሰማንያ ሰባት" አሉ።

እኛ አካባቢ ማደያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁልፎች ናቸው ያሉት፤ 87፣ 89፣ 93። ቧንቧው አንድ ነው፤ የሚለየው የምትጫነው ቁልፍ ብቻ ነው። እሳቸው ያንን የመጀመሪያ ቁልፍ ከሃያ ዓመት በላይ በየቀኑ ተጭነውታል። አላሰቡበትም። እጃቸው ራሱ ነው የጫነው።

መኪናዋን አስጭኜ ወደ ጋራዥ አመጣኋት። "እስኪ ቀስ ብዬ ልንዳት?" ብለውኝ ነበር፤ እንዳያስነሷት ለመንኳቸው።

ምን እንደተፈጠረ ላስረዳ። ቤንዚን ሞተር ውስጥ በሥርዓት ነው መቃጠል ያለበት። ካንዴላው እሳት ይጭራል፤ እሳቱ ከዚያ ተነስቶ እየሰፋ ሄዶ ፒስተኑን ይገፋዋል። ተርቦ ሲኖር አየሩ ታምቆ ስለሚገባ ግፊቱም ሙቀቱም ይጨምራል። ቤንዚኑ ያንን ካልቻለ፣ እሳቱ ሳይደርስበት ራሱን በራሱ ያፈነዳል። የሚያንኳኳው ያ ነው። 87 እና 93 የሚባሉት ቁጥሮች የሚነግሩንም ይህንኑ ነው፤ ቤንዚኑ ራሱን ሳያፈነዳ ምን ያህል እንደሚታገሥ። ብዙ ሰው 93ን ጉልበት ያለው ቤንዚን አድርጎ ያስበዋል። ትዕግሥት ያለው ቤንዚን ቢባል ይሻላል። እኔ የዚህችን መኪና እሳት የሚጫርበትን ቅጽበት በ93 ትዕግሥት ልክ ነበር ያስተካከልኩት። ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተን ይሰነጥቃል። ጥቂት ሰከንድ የበቃው ሞተር አይቻለሁ።

የዛሬ መኪኖች ሞተራቸው ላይ ይህን የሚሰማ መሣሪያ አላቸው። ሲሰማ ኮምፒውተሩ እሳቱን ያዘገየዋል፤ ሹፌሩ ሳያውቅ ነገሩ ያልፋል። የ1990ዋ ሚያታ ያ መሣሪያ የላትም፤ እኔም አልጨመርኩላትም ነበር። ስለዚህ ያላት ጆሮ የሹፌሩ ጆሮ ብቻ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ይህን ድምፅ እምብዛም አልሰማሁትም። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በቀላሉ አያንኳኳም። እዚህ ግን ባሕር ጠለል ላይ ነን ማለት ይቻላል።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። አራቱን በተርታ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያውና አራተኛው ንጹሕ ናቸው። ሁለተኛውን በማጉያ መነጽር ሳየው ነጩ ሸክላ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ አለ፤ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ወደ ብርሃን ሳዞረው ነጠብጣቡ ብልጭ አለ። አሉሚኒየም ነው። ከፒስተኑ ላይ የተነሳ ነው። ደቂቃ ያህል ይዤው ቆምኩ። የሰውዬው የዓመታት ቁጠባ በዚያች ነጥብ ልክ ታየኝ።

ከዚያ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካሁ። አራቱም ተቀራራቢ ናቸው፣ አራቱም ደህና። አየር ሞልቼ የሚያፈስ እንዳለ ደግሜ ፈተሽኩ። የለም። በትንሿ ካሜራ የፒስተኖቹን አናት አየሁ። ተርፋለች። ያተረፏት እሳቸው ናቸው፣ እግራቸውን በማንሳት። ሬዲዮ ከፍተው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልወድም።

የጋራዡ ባለቤት ነገሩን ሲሰማ ደረሰኙን አውጥቶ አሳየኝ። "ተጽፏል፤ ፈርመዋል" አለኝ። በሕግ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። እኔ የመለስኩላቸው ያመጡትን መኪና አልነበረም። ቀለሙ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ቁልፉ ያው፤ ውስጡ ግን ሌላ መኪና ነው። እሳቸው ደግሞ የቆየ ልማዳቸውን ይዘው ነው የገቡባት። ያንን ልማድ የማስቀየር ሥራ የእኔ ነበር፤ አምስት ሳምንት በብሎንና በዳዶ ሳሳልፍ ለእሱ አምስት ደቂቃ አልሰጠሁትም።

ሥራውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው። ያስተማሩኝ ሰው መኪና ሠርተው ሲጨርሱ ቁልፉን አይሰጡም ነበር። "ግባ፣ ዞር ዞር ብለን እንምጣ" ይላሉ ባለመኪናውን። እሱ ይነዳል፣ እሳቸው ጎን ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ማርሽ ሲቀይር እጁን ያያሉ። ሒሳብ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እያወቅሁ አሜሪካ መጥቼ ማተሚያ ማሽን ፊት ቆሜ ወደ ጀርባዬ ማውራት ለመድኩ።

ማክሰኞ ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ ሞተሯ ደህና ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው። "ኧረ የእኔ ነው፤ ነግረኸኝ ነበር" አሉ። "ነገርኩዎት እንጂ አላስጨበጥኩዎትም" አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ "እሱስ እውነት ነው፤ ሞተሩን ነበር የምሰማው" አሉ።

ከመመለሷ በፊት ሦስት ነገር አደረግሁ። ሰልባቲዮውን ባዶ አድርጌ 93 ሞላሁት። ማንኳኳት የሚሰማውን መሣሪያ ገጠምኩላት፣ በራሴ ወጪ። ከሁሉም በላይ ግን እሳቱን ትንሽ አዘገየሁት፣ የተርቦውንም ግፊት ቀነስኩ። ዳይኖው ከ171 ወደ 163 ወረደ። ስምንት ፈረስ ቀረ። እዚህ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አልተስማማንም። ደንበኛ የከፈለው ለቁጥር ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ የሰው እጅ አንድ ቀን ይሳሳታል፤ ለዚያች ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ሞተሩ ውስጥ መቅረት አለበት እላለሁ። እሳቸውን ጠየቅኳቸው። "ስምንቱን ፈረስ አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ" አሉኝ።

እሑድ ማለዳ፣ ጋራዡ ዝግ ሳለ፣ ተቀጣጠርን። ይህን ጊዜ ከረባት የለም፤ ሹራብ ለብሰዋል። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ማደያ ሄድን። ታንኩ ብዙም አልጎደለም፤ ግን በገዛ እጃቸው እንዲቀዱ ፈለግሁ። ካርዳቸውን አስገቡ። ጣታቸው ወደ 87 ሄደ። አየር ላይ ቆመ። ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ 93ን ጠበቅ አድርገው ተጫኑት። የታንኩ መክደኛ ላይ ያን ዕለት አንድ ነገር ለጥፌያለሁ፤ በትልቁ በአማርኛ "93 ብቻ" ይላል። ሲያዩት በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ እንዳይላቀቅ።

ቀጥለን ፍሬኑን አላመድነው። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ባዶ መንገድ ላይ ከሃምሳ ማይል ወደ አሥር ያወርዳሉ፣ ሳይቆሙ እንደገና ይነሳሉ። ስምንት ጊዜ ያህል ደጋገሙት። ትንሽ ሸተተ፤ መሽተቱ ያለ ነው አልኳቸው። ፍሪሲዮኑም አዲስ ስለሆነ እስከ 500 ማይል ድረስ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ እንዳይረግጡ ነገርኳቸው። ከመቶ ማይል በኋላ የጎማውን ዳዶዎች እንድፈትሽ እንዲመጡም። ስለ ፍጥነትም አወራን። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ በወንጀል ያስከስሳል፣ እስከ አንድ ዓመት እስርም አለው። ይህች መኪና አሁን እዚያ የምትደርሰው ሳይታወቅ ነው። "ዕድሜዬን ሙሉ ንጹሕ መንጃ ፈቃድ ነው የያዝኩት" አሉኝ፤ ግን ቁጥሩን ደግመው አስነገሩኝ።

በመጨረሻ ፓርክዌዩ ላይ ወጣን። ጣሪያውን አጥፈነዋል። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ሬዲዮውን ዘጉት። እኔም መስኮቱ ላይ ያለውን ክንዴን አነሳሁ። እስከ ግማሽ ድረስ ረገጡ። ተርቦው ቀጭን ፉጨት አሰማ፤ መኪናዋ ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። ወንዙ በቀኛችን ቁልቁል ይታያል። ባለፈው የቆሙበትን ቦታ አለፍነው።

"ሰማህ?" አሉኝ።

"ሰማሁ ጋሼ።"

"ምን ሰማህ?"

"ምንም።"

ሬዲዮውን መልሰው ከፈቱት።