ግርጌዋ የት ሄደች?

ሴትየዋ ከኮምቦልቻ ይዛው የመጣችው በጥቁር ፌስታል ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ነጭ ሻሽ፣ ሻሹ ውስጥ ጠርዙ የተበላ የቁርበት ሽፋን፣ ሽፋኑ ውስጥ ደግሞ ያልተሰፋ የወረቀት ክምር። ቆጠርነው፤ 46 ቅጠል፣ ፊትና ጀርባው 92 ገጽ። «የአያቴ ነው» አለችን። «ከእኛ ቤት የሚያነበው የለም። እናቴ ከበርበሬው ጋር ሳጥን ውስጥ ነው ያኖረችው፣ ምስጥ እንዳይደፍረው ብላ።» እውነትም በርበሬ በርበሬ ይል ነበር፤ አብሮኝ የሚሠራው ተለማማጅ ልጅ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰ።

በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ፌስታል ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ገብቶ የከተማው ሙዚየም ከተዘረፈ ወዲህ፣ በየቤቱ የድሮ ወረቀት ያለው ሰው ሁሉ ሥጋት ይዞታል። እኔ የምሠራበት የደሴው መሥሪያ ቤትም አንድ ስካነር፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ሰው መድቦ «አምጡ፣ ስካን አድርገን እንመልስላችኋለን» ማለት ጀምሮ ነበር። ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት መዝገብ ቤት ስምንት ዓመት ስለሠራሁ ወረቀት የሚያውቅ ከእኔ ወዲያ ላሣር ብዬ አስብ ነበር።

ሥራውን እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ። ማታ ማታ ቤቴ ሆኜ፣ ከእኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚርቀውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል በኢንተርኔት እገልጣለሁ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያበረከቱት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ብራና ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ገዳም ግቢ ያለ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ አሁን ከዚያ ዞሮ በስልኬ ይመጣልኛል። ከቤቴ አጠገብ ያለውን ነገር ለማየት በሚኒሶታ በኩል መዞሬ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ይህንኑ ለተለማማጁ ሳሳየው ከላይ 1832 የሚል ቁጥር አየና «በ1832 ነው እንዴ የተጻፈው?» አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁበት። ቁጥሩ የፊልሙ መለያ ነው። ቀጥዬም አስተማሪ ሆንኩ፤ ተመልከት፣ የቅጠሉ ዳር ሳይቆረጥ ነው የተነሣው፤ ታሪክ አጥኚዎች እኮ ከወንጌሉ ቃል ይልቅ ባዶው ቦታ ላይ የተጻፉትን ማስታወሻዎች ነው የሚያሳድዱት፤ ስለ ገዳሙና ስለ አበምኔቶቹ ብዙ ነገር የተገኘው ከእነዚያ ነው፤ እያልኩ። ይህን በተናገርኩ ማግሥት የሠራሁትን ልንገራችሁ።

የኮምቦልቻዋን ጥቅል ገለጥኩት። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም፣ አልፎ አልፎ በቀይ፣ በዐረብኛ ፊደል ነው። ቅጹ ላይ «ቋንቋ» በሚለው ሣጥን «ዐረብኛ»፣ «ይዘት» በሚለው «ሃይማኖታዊ» ብዬ ሞላሁ። አንድም ቃል ሳላነብ፣ አንድም የሚያነብ ሰው ሳልጠይቅ። ከዚያ እንደ ዳዊት ከግራ ከፍቼ፣ ከላይ ያገኘሁትን ቅጠል 1 ብዬ በእርሳስ ቁጥር ሰጠሁና ስካነሩ ላይ ማስተኛት ጀመርኩ። 27 ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ እንደ ጫጩት ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ስካን የሆነው ክምር በስተቀኝ፣ ያልሆነው በስተግራ ነበር። ጽዳቷ እህታችን ጠረጴዛውን ልትወለውል መጥታ፣ ልትረዳን ብላ፣ ሁለቱን ክምር አሰባስባ አንድ አደረገቻቸው። በእሷ አልፈርድም፤ ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ወረቀት ያየ ሰው የሚያደርገው ነው። መብራት ሲመጣ ቁጥር ያለውን ከሌለው ለየሁ። ቁጥር የሌለው 19 ቅጠል ግን የመጀመሪያ ተራውን እንደጠበቀ እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ ግድም አልሰጠኝ፤ ከ28 ቀጠልኩ።

ሌላው ጥፋት ደግሞ የቁጠባ ነው። አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ፣ በቀለም፣ ሳይጨመቅ በቲፍ ሲቀመጥ 26 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ሃርድ ዲስካችን እየሞላ ስለነበር በጄፔግ አስቀመጥኩ፤ እሱስ ይሁን። ነገር ግን የስካነሩ ፕሮግራም «ጠርዝ በራሱ ይቁረጥ» የሚል ምርጫ አለው። ደስ የሚል፣ ንጹሕ ምስል ይሰጣል፤ የቆሸሸውን ዳር ሁሉ ያጠፋል። አበራሁት። ኋላ ሳሰላው 92ቱን ገጽ እንዳለ ባስቀምጠው ኖሮ 2.4 ጊጋባይት ነበር። ስልኬ ላይ ያለው የአጎቴ ልጅ ሠርግ ቪዲዮ ይበልጣል።

ሴትየዋ በሁለተኛው ሳምንት መጥታ ወሰደች። ፍላሽም ሰጠናት። መርቃን ሄደች።

ወር ያህል ቆይቶ ነው ሸኹ የመጡት። ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ከአራዳ በታች የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ የመጡት ለሌላ ጉዳይ፣ ለቤት ካርታ ነበር። ወረፋ ሲጠብቁ ተለማማጁ ሻይ አቀረበላቸውና ነገር ለማስጀመር ያህል «አባቴ፣ ዐረብኛ ያነባሉ?» አላቸው። «ቂርኣቴንስ አልረሳሁም» አሉ። ልጁ የኮምቦልቻዋን ፋይል ከፈተላቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተቱ ለአፍታ ዝም አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄን ዐረብኛ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ራስሽ ትሰሚዋለሽ እኮ። ስሚ።» ቀስ ብለው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ አነበቡ፤ «ለ… ባልቴቲቱ… ሁለት… ቁና… ገብስ። ለመኸር… የምትመልስ።»

ደንግጬ ወንበሬን ሳብኩ። አማርኛ ነው! የወሎ አማርኛ በዐረብ ፊደል። ዐጀሚ ይሉታል። ስሙን አውቀው ነበር፤ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጀዕፈርን የመሳሰሉ ዑለማ ዐረብኛ ለማያውቀው ገበሬ ዲኑን በገዛ ቋንቋው እንዲደርሰው መንዙማቸውን በዐጀሚ ይጽፉ እንደነበር ሰምቻለሁ። መስማት ሌላ፣ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ማወቅ ሌላ። ሸኹ አሳዩኝ፤ ዐረብኛ «ገ» የላትም፣ «ጨ» የላትም፣ «ኘ» የላትም። ይህ ጸሐፊ የገብስን «ገ» ካፍ በምትባለው የዐረብኛ ፊደል ላይ ነጥብ ጨምሮ ጽፏታል። ሰባቱን የአማርኛ አናባቢ ድምፅ በፈትሃ፣ በከስራና በደማ፣ በሦስቱ የዐረብኛ አናባቢ ምልክቶች ለማብቃቃት የተቸገረበትም ይታያል። «ዐረቡ ቢመጣ ፊደሉን ያነባል፣ ነገሩ አይገባውም። አንቺ ነገሩ ይገባሻል፣ ፊደሉን አታነቢም» አሉኝ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

ገብሱ የአንድ ገጽ ጥግ ላይ ያለ የብድር ማስታወሻ ነው። የቀረው አብዛኛው መንዙማ ነበር። ሸኹ እያነበቡ ሄዱ፣ ንባቡ ሳያስቡት ወደ ዜማ ዞረ፣ ትከሻቸው መወዛወዝ ጀመረ፣ ካርታ ሊያወጡ የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አንዷ ሴት በሁለት ጣቷ የበሩን ጣውላ እንደ ድቤ መምታት ጀምራ ነበር። እዚያው መሐል ሸኹ ቆም አሉ።

«ቤት አልመታም» አሉ። «ይሄኛው በ‹ና› ሲደፋ መጣ፣ ቀጣዩ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ቅጠሉ ተዛንቋል።»

ከኋላ ወደ ፊት እንዳነሣሁት ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጥሩን ብገለብጠው ይስተካከላል ብዬ ገለበጥኩት። ግማሹ ተስተካከለ፤ እነዚያ 19ኙ ግን አሻፈረኝ አሉ። ሸኹ ስክሪኑን ወደ ታች እየገፉ «ግርጌዋ የት ሄደች?» አሉኝ።

«የምን ግርጌ?»

«ጸሐፊው ገጹን ሲጨርስ፣ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል ከታች ጥግ ላይ ለብቻዋ ይጽፋታል። ኪታቡ ያልተሰፋ ነው፣ ቢበተን በምን ይሰበሰባል? በእሷ ነዋ። እዚህ ላይ የእግሯ ጫፍ ትታየኛለች» አሉና አንድ ገጽ ታች የተቆረጠች የቀለም ጭረት አሳዩኝ። የፊደል ሆድ ግማሽ። የቆሻሻ ጠርዝ ብሎ ፕሮግራሙ የቆረጣት እሷን ነው። አበራሁት ያልኳችሁ እኔ ነኝ።

«ግድ የለም፣ ዋናው አለ» አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው፤ ደሴ ላይ የለበስነውን ካፖርት ሐረጎ ሳንደርስ አውልቀን ጭናችን ላይ አደረግን። ሴትየዋ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። አቦሉን ጀባ ካለችን በኋላ ወደ ጓዳ ገብታ በሁለት እጇ የያዘችውን አመጣች፤ አረንጓዴ ጠንካራ ሽፋን፣ ጀርባው ላይ ወርቃማ መስመር።

«አስጠረዝኩት» አለች ፊቷ በርቶ። «ከእንግዲህ አይበተንም።»

ሸኹ ተቀበሏት። እንደ ልማዳቸው በቀኝ በኩል ሲከፍቱት መጨረሻው ሆነ፤ እንደ አማርኛ መጽሐፍ ነው የተጠረዘው። ጠራዡ የእኔን የእርሳስ ቁጥር ተከትሎ፣ 1 ብሎ ጀምሮ 46 ላይ ጨርሷል። ሦስቱንም ጎን ደግሞ በመቁረጫ ማሽን አስተካክሎታል፤ ጠርዙ እንደ አዲስ ደብተር ልስልስ ያለ ነው። ሸኹ ታችኛውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳሰሱት። «አላህ ይስጥሽ፣ አክብረሽዋል» አሏት። ለእኔ ግን ዓይናቸውን አላነሡልኝም።

ቶናው እስኪደርስ ዝም አልኩ። ከዚያ ነገርኳት። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ ስለ ግርጌዋ ቃል፣ ሁሉንም። ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ ቆየችና «እኔ እኮ ጠራዡን ‹ከቢሮ የተጻፈውን ቁጥር እንዳታዛባ› ብዬ ሦስት ጊዜ ነው ያስጠነቀቅሁት» አለች። ከስድብ ሁሉ ይህ ከበደኝ።

ያዳነን፣ ያውም በከፊል፣ ልጁ ነው። ጥቅሉ በመጣ ቀን፣ እኔ ቅጽ ስሞላ፣ ለጓደኞቹ በቴሌግራም ለመላክ ብሎ በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ ውሎ ነበር። ያን ቀን ስልክህን አስቀምጥ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። 31 ፎቶ፤ ግማሹ የጣቱ ጥላ ያረፈበት፣ አንዳንዱ የተወላገደ፣ ግርጌዋ ግን በሁሉም ላይ አለች። ሸኹ ሦስት ቅዳሜ እየመጡ በፎቶው ያለውን በቃሏ፣ የሌለውን በቤት መምቻውና በአዝማቹ እያዜሙ አሰናኙት። ካርታቸው እስከ አሁን አልወጣላቸውም፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

መጨረሻው ቅጠል ላይ ዓመት ተጽፎ ነበር። ልጁ የዐረብኛ አኃዝ ማንበብ ተምሮ ስለነበር በኩራት «1333 ዓ.ም.» ብሎ ቅጹ ላይ አስገባ። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ማለት ነው፣ በወረቀት! ሂጅራ፣ የእስልምናው አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 1907 እስከ ጥቅምት 1908 ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በነገሡ በዓመቱ ግድም፣ የሰገሌ ጦርነት ገና ሳይመጣ። ያቺ ባልቴት ገብሱን የተበደረችው እንግዲህ ያኔ ነው። መመለሷ የተጻፈበት ቦታ አላገኘንም። ልጁን አሁን አልሳቅሁበትም፤ ከቁጥሩ ጎን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚጻፍበት ሣጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

ቅጹን ቀየርነው። «ቋንቋ» ከሚለው ጎን «ፊደል» የሚል ጨመርን፣ ዓመት ሲጻፍ ሂጅራ፣ ዓመተ ምሕረት ወይም የአውሮፓ ተብሎ ይመረጣል፣ «ያነበበው ሰው» የሚለው ሳይሞላ ስካነሩ አይከፈትም። ጠርዝ የሚቆርጠውን ምርጫ አጥፍቼ ከላዩ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት ብላችሁ አታምኑኝም፤ ስክሪኑ ላይ ነው እኮ ያለው። ግን ለጥፌያለሁ፣ ከስክሪኑ ጥግ፣ «ግርጌዋን!» የሚል። ከዚያ በፊት «ዐረብኛ» ብዬ የመዘገብኳቸውን ጥቅሎችም አንድ በአንድ ለሸኹ እያቀረብኩ ነው። እስከ አሁን ካዩት ሁለቱ አማርኛ ሆነው ተገኝተዋል፤ አንዱ የመድኃኒት ቅጠል ዝርዝር ነው።

ከኮምቦልቻው ኪታብ አራት ቅጠል ቦታ አላገኘም። ፎቶ የለውም፣ ቤቱም ከየትኛውም ጋር አይገጥምም። ሰሞኑን ሴትየዋ ደወለችልኝ። ማታ ቁጭ ብላ የጥርዙን ስፌት በምላጭ ፈትታዋለች፤ አራቱን ለብቻቸው በዚያው በነጩ ሻሽ ጠቅልላ አስቀምጣለች።

«በሚኒባስ ልላካቸው ወይስ?» አለችኝ።

«አትላኪ። ቅዳሜ እንወርዳለን» አልኳት።

«ሸኹም ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

«እንግዲያው ድቤውን ከጎረቤት እዋሳለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።