የአባቴ ሐውልት ላይ የቀረው 7

ለእናት ለአባታችሁ ሐውልት ልታሠሩ ካሰባችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ለኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የጠየቅኩት ሁሉ የሚያወራልኝ ስለ እብነ በረድ ዋጋ ብቻ ነበር።

አባቴ ያረፈው ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። አንዱ ሠሪ «ለአርባው አደርስልሃለሁ» አለኝ። እምቢ አልኩ። በዚህ ነገር እስካሁን እኮራለሁ። የአዲስ መቃብር አፈር ገና አልተጠቀጠቀም። ዝናብ ሲገባው ይሰምጣል፣ ላዩ ላይ የተጫነውም ድንጋይ አብሮት ያዘነብላል። ከአባቴ አጠገብ ለአርባ የተሠራ አለ፤ ክረምቱ ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። ስለዚህ ዘመድ «እስካሁን ምነው ባዶ?» ቢልም አንድ ክረምት ይለፍበት።

የኛ ለሙት ዓመቱ ይድረስ ተባለ። ድንጋይ መረጥኩ፣ ከቤኒሻንጉል የሚመጣውን የዳለቲ እብነ በረድ። ፎቶ ሰጠሁ። ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ ማመልከቻ አስገባሁ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጣጣው ጽሑፉ ላይ መጣ።

አባቴ ኃይሉ ነው ስሙ። የቄስ ትምህርት የቀመሰ ሰው ስለነበር በፊደል ቀልድ አያውቅም። ኃይል የሚጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው፣ እሱም ዕድሜ ልኩን የፈረመው እንደዚያ ነው። መታወቂያው ላይ ግን የቀበሌው ጸሐፊ በሃሌታው «ሀይሉ» ብሎታል። የደብሩ ቢሮ ሠራተኛ ይህን አይቶ ፈቃዱን ያዘው። «ጽሑፉ ከመታወቂያው ጋር መመሳሰል አለበት። ነገ የውርስ ጥያቄ ቢመጣስ?» አለኝ። ሐውልት ተሸክሞ ፍርድ ቤት የሄደ ወራሽ አይቶ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ሦስት ቀን አመላለሰኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ቄስ ክርክሩን ሰምተው፣ «የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ተቀምጠህ ኃይልን በሃሌታው?» ብለው ገሠጹት። ማኅተሙ ወዲያው ተመታ።

ምክሬ ይኸው፦ መታወቂያውን ተዉት። ሰውየው ራሱ እንዴት ይፈርም ነበር? እንደዚያው ይጻፍ።

በዚህ ድል ሰከርኩ። ከዚያ በኋላ የማየው ኃ ብቻ ሆነ።

ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው። ልጆቹ የኛን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቁ «የፈረንጁም ይጨመርበት» አለ። ክፉ ሐሳብ አልመሰለኝም። ንጉሥ ዔዛናም አክሱም ላይ ድንጋዩን ያስቀረጸው በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ነው፤ እንግዳ ያነበዋል ብሎ አስቧል ማለት ነው። ታዲያ ለዔዛና ረቂቁን የሚያይለት ሰው ነበረው መሰለኝ።

አባቴ የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፣ ኅዳር 12 ቀን 1939። ቀራጩ 2014 ላይ 8 ደመረ፣ 2022 ሆነለት። ልክ ነው፣ ጥር ነውና። ከዚያ ያንኑ 8 ወስዶ 1939 ላይ ደመረና 1947 ጻፈ። ግን ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን እስኪይዙ ድረስ የሚደመረው 7 ነው። ኅዳር 1939 ማለት ኖቬምበር 1946 ነው። ይህን ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። እኔም አውቀው ነበር! ረቂቁን አመጣልኝ፣ ኃን ፈለግኩ፣ አገኘሁት፣ ፈረምኩ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሰው ሐውልቱን ከቦ ሲያደንቅ፣ አንድ ጡረተኛ የአባቴ ጓደኛ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። «ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ኃይሉን በአንድ ዓመት አሳነስከው እኮ።» መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀራጩ ጋ ሄድኩ። ምንም አልተቆጣም። መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣና «ፈርመሃል እኮ ወንድሜ» አለኝ። ምን እላለሁ? አዲስ ሰሌዳ ላሠራ ብል ደግሞ አሮጌውን ለማንሳት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሚሰጠው ያው ሰውዬ ነው። እሱም ኃን አልረሳልኝም። «የፈረንጁን የልደት ዘመን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አምጣ» አለኝ። መታወቂያው ላይ የኛው አለ፣ 1939። «ይኼ የፈረንጅ አይደለም።» ቁጭ ብለን እንደምር አልኩት። «እኔ በድምር አልሠራም።» በ1939 ገጠር ለተወለደ ሕፃን የፈረንጅ የልደት ምስክር ወረቀት! አምስት ሳምንት ተመላለስኩ። አንዴ ስብሰባ ነው፣ አንዴ በዓል ነው፣ አንዴ ማኅተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ የለም።

በዚያ መሐል አንድ ቅዳሜ ተናድጄ በቡታጅራ መንገድ ጥያ ወረድኩ። 36 ድንጋይ ቆሟል። አብዛኞቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፣ አንዱ ላይ ጥቂት፣ አንዱ ላይ ብዙ። የሰይፉ ብዛት የገደሉት ሰው ቁጥር ነው የሚሉ አሉ። ከሥራቸው የተቀበሩ ሰዎች አሉ፣ ግን አንድም ፊደል፣ አንድም ዓመተ ምሕረት የለም። ቀናሁባቸው። አስጎብኚው «ዩኔስኮ በ1980 መዘገበው» ሲለኝ «በፈረንጅ ነው? ወሩስ?» አልኩት። ግራ ገባው። እሱ ምን ያድርግ፣ እኔ ግን 1972 ይሁን 1973 ሳላውቅ መመለስ አልቻልኩም።

ሰኞ ቀራጩን ደወልኩለት። ፈቃድ ሳንጠይቅ፣ ማለዳ ኪዳን ሲደርስ ገባን። 7ቷን በማስቲሽና በእብነ በረድ ዱቄት ደፈናት፣ ላይዋ ላይ 6 ቀረጸ። አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ቢሮው ደንቡን ይንገራችሁ፤ እኔ የምላችሁ ግን ለአንድ አኃዝ ደብዳቤ አትጻፉ። ረቂቁንም ለብቻችሁ አትፈርሙ። ልጅ ስጡት፣ ጎረቤት ስጡት፣ ፊደሉን አንዱ ቁጥሩን ሌላው ይይ። ዝም ብላችሁ ደግሞ የፈረንጁን ባታስገቡት ይሻላል።

ጥላ ሲሆን ድፍኑ አይታወቅም። ፀሐይ በጎን ሲመታው ግን የ7ቷ አናት ብቅ ትላለች። ወንድሜ ለፋሲካ መጣ። አበባውን አስቀመጠ፣ አለቀሰ፣ መነጽሩን ጠርጎ ድንጋዩን አነበበ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣

«ይቺ 6 ናት 8?» አለኝ።