በጁገል ዙሪያ በእግር

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው ደንገጎን ሲወጣ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ጁገል የሐረርን አሮጌ ከተማ የከበበው ግንብ ነው። ብዙ ጎብኚ ከመሀሉ አደባባይ፣ ከፈረስ መጋላ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚዘልቀው። እኔ ግን ሐረርን መንበሩ ያደረገው የሙስሊም መንግሥት፣ የአዳል ሱልጣኔት፣ የደረሰበትን ግንቡ ይበልጥ ስለሚናገር መጀመሪያ በውጭ ዞርኩት።

ከሸዋ በር ተነሥቶ ግንቡን በግራ አድርጎ ሲሄዱ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ከዚያ በሰሜን ፈላና በር ይመጣሉ። ዙሩ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ቤቶች ግንቡን ተደግፈው በተሠሩበት ቦታ እየራቁ መመለስ ግድ ስለሚል ግማሽ ቀን መመደብ ይሻላል። ቀረብ ብሎ ላየው፣ ሐሺ የሚባለው ድንጋይና ግራናይት በጭቃ ተያይዘው በመካከላቸው እንጨት ገብቷል። ጭቃውን ዝናብ ሲያጥበው ድንጋዩ ይላላል። በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ መፍትሔ አይሆንም፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። ከታች ያሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ወራባ ኑዱል፣ የጅብ መግቢያ ናቸው።

ሱልጣን አቡበክር የአዳልን መንበር ወደ ሐረር ያመጣው በ1520 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1529 የአዳሉ የጦር መሪ ኢማም አሕመድ (ግራኝ) ሽምብራ ኩሬ ላይ የአፄ ልብነ ድንግልን ጦር ሲያሸንፍ ግንብ ያሰበ ያለ አይመስለኝም፤ ጦሩ ወደፊት ነበር የሚሄደው። ኢማሙ በ1543 ወደቀ። ከእሱ በኋላ ሐረርን የገዛው አሚር ኑር በ1559 የልብነ ድንግልን ልጅ አፄ ገላውዴዎስን ገደለ፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን የገላውዴዎስ ወገን የሆነው የሐማልማል ጦር ሐረር ገብቶ የአዳሉን ሱልጣን በረከትን ገደለና የሱልጣኖቹ የወላስማ ሥርወ መንግሥት አበቃ። የኦሮሞም መስፋፋት እየቀረበ ነበር። ሐረሪዎች ጁገልን ያጠረው ኑር ነው የሚሉት የዚህን ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህ ግንብ የድል ሳይሆን የጭንቅ ሥራ ነው፤ ግዛት ሲጠብ ከተማዋን ለማትረፍ የተሠራ።

በ1577 መንበሩ በአፋር ወዳለችው አውሳ ዞረ። ከተማዋ ግን በ1647 በዓሊ ኢብን ዳውድ የራሷን አሚሮች መልሳ አገኘች፤ ገንዘብ እያተመች፣ በበሮቿ በሚገባው ነጋዴ እየኖረች ግብፆች በ1875 እስኪገቡ ድረስ ቆየች።

ዙሩን ጨርሶ መግባት የሚሻለው በፈላና በር ነው፤ ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል። የአሚር ኑር መቃብር፣ አረንጓዴው ጉልላት፣ ከውስጥ ነው።