«ጉዌይ»ን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ

የሁለት የሜክሲኮ ወጣቶችን የተቀዳ ጭውውት ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ይዛ ያቆየችኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ጉዌይ» ትባላለች። ምንጯ በስፓኒሽ የተኮላሸ በሬን የሚጠራው «ቡዌይ» የሚለው ቃል ሲሆን፣ ከበሬው ተነሥታ ለሞኝ ሰው መስደቢያ ሆናለች። ሣሩን አይቶ ገደሉን አላየም ብለን የምንተርተውም በበሬ ነውና ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኋላ ግን በጓደኛሞች አፍ ስድብነቷ እየለዘበ ሄዶ እንደ «ወንድሜ» ያለ መጠሪያ ሆነች፤ ዛሬ ወጣት ሴቶችም እርስ በርሳቸው ይጠራሩባታል።

አስቸጋሪው ነገር አዲሱ ትርጉም አሮጌውን አለማስወጣቱ ነው። «ኖ ሴያስ ጉዌይ» ሲባል «ጅል አትሁን» ማለት ሲሆን፣ «አሴርሴ ጉዌይ» ደግሞ እያወቁ እንዳላወቁ መሆን ነው። «አይ፣ ጉዌይ!» የሚለው ግን ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲደነቅ የሚያወጣው ድምፅ ስለሆነ፣ አጠገቡ የሚጠራው ሰው ባይኖርም ይለዋል። ብዙ ተርጓሚ የሚቸኩልበት «ዱድ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ለመጠሪያነቷ ይበቃል፤ ለስድብነቷ ግን አይሆንም። በየዐረፍተ ነገሩ ሲደጋገም ደግሞ ተናጋሪውን የካሊፎርኒያ ልጅ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ቃሏ ንግግሩን ከማያያዝ በቀር ሌላ ሥራ በሌላት ቦታ ሁሉ ያለ ምትክ ትቻታለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ አንደኛው ወጣት ከሥራ ስለ ወጣው አለቃው «እሴ ጉዌይ ያ ሴ ፉዌ» ያለው ነው። «ያ ሰውዬ ሄዷል» ሊሆን ይችላል፤ «ያ ደደብ ሄዷል» ሊሆንም ይችላል። ቅጂውን ደጋግሜ ሰማሁት፤ ድምፁ ላይ ቁጣም ፍቅርም የለም። ይኸው ልጅ ወንድሙንም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩንም በዚያችው ቃል ይጠራቸዋል። ስድቡን ብመርጥ ስፓኒሹ ያልቆረጠውን ነገር እኔ ቆርጬ፣ ምናልባትም ያልተሳደበን ሰው ተሳዳቢ አደርገዋለሁ፤ ይህንንም የእንግሊዝኛው አንባቢ የሚያጣራበት መንገድ የለውም። «ሰውዬ»ን ብመርጥ ግን ንቀት ካለ ከቀሪው ንግግር ራሱ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ «ዛት ጋይ» ብዬ ጻፍሁ።